ማጀቢያ ሙዚቃ የሌለው ክፍል

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን አጥፍቼ ለመቆየቴ ምክንያት አልደረድርም፤ በድዬሻለሁና ይቅር በይኝ። ስለ እናትሽ፣ ስለ እማማም የምለው አለኝ፤ እዚህ ላይ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ብዕር ያስነሣችኝ ባፊ ናት። በሚቀጥለው ወር በመምህራኖቼ ፊት የማቀርበው ጥናት በ«ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር»፣ ባፊ የምትባል ወጣት ደም መጣጭ ጭራቆችን በምትዋጋበት የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ነው፤ ከእሱም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 በተላለፈውና «ዘ ቦዲ» በተባለው የ5ኛው ሲዝን ክፍል ላይ። እናንተ ሳሎን ተቀምጠን፣ ከቪዲዮ ቤት የተከራየነውን ዲስክ በሹራብሽ ጫፍ እየወለወልሽ፣ «ለእንዲህ ያለ የልጆች ነገር ፕሮፌሰር ጊዜውን ያጠፋል?» ብለሽ ስትሞግቺኝ የምመልሰው አልነበረኝም። እንደ ልማድሽ ረትተሽኝ ሄድሽ፤ ዛሬ ግን ይግባኝ እላለሁ።

አዎን፣ ያጠፋል። ተከታታዩ ከ1997 እስከ 2003 በ144 ክፍሎች ሲተላለፍ ገና ሳያልቅ፣ በ2001፣ ሮንዳ ዊልኮክስና ዴቪድ ላቬሪ የተባሉ ምሁራን «ስሌዬጅ» የሚባል የጥናት መጽሔት አቋቋሙለት። ማይክል አዳምስ ስለ ገጸ ባሕርያቱ አነጋገር ብቻ የጻፈው መጽሐፍ በ2003 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ፤ በዓመቱም አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ላይ የአጥኚዎች ጉባኤ ተደረገለት። ለዚህ ሁሉ አብዝቶ የሚሰጠው ምክንያት ጭራቆቹ የእውነተኛ ሕይወት ምሳሌዎች ናቸው የሚል ነው፤ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ተማሪ እውነትም ከዓይን የተሰወረችበትን ክፍል ታስታውሻለሽ። ይህ ልክ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌ ብቻውን ሰውን ከሃያ ዓመት በላይ አያቆይም። እኔ የማምነው ተከታታዩ የራሱን ታሪክ ስለማይረሳ ነው ብዬ ነው። በ2ኛው ሲዝን መጨረሻ ጓደኛዋ ዛንደር ለባፊ የነገራት ውሸት በ7ኛው ሲዝን ይነሣል። እንዲህ የሚያስታውስን ሥራ ሰው ደጋግሞ ሲያየው በየጊዜው ሌላ ነገር ያገኝበታል፤ ወዳጁም ሆነ ተመራማሪው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

«ዘ ቦዲ» የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እስከዚያ የለመድነው ሞት በአመዛኙ ጥርስና ጥፍር ነበረው፤ ባፊም በሾለ እንጨት ትመክተው ነበር። እናቷ ጆይስ ግን ሶፋ ላይ ዓይኗ እንደ ተከፈተ ተገኘች፤ የገደላትም የአንጎል ደም ሥር መፈንዳት ነው እንጂ የሚወጋ ጠላት የለም። ከመክፈቻው ዜማ በቀር ክፍሉ ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም። ባፊ ካስመለሳት በኋላ ትውከቱ ላይ ወረቀት ታነጥፍና ወረቀቱ ሲርስ ቆማ ታያለች፤ የጓሮውን በር ስትከፍት ደግሞ በነፋስ የሚያቃጭለው ጌጥና የልጆች ጨዋታ ይሰማል። አንቺ የቴሌቪዥኑ ድምፅ የተበላሸ መስሎሽ ጎኑን በጥፊ መታሽው። እማማ የቡናውን በረካ ይዘው ገቡና እንደ ሁልጊዜው «ይህቺ ልጅ ዛሬ ደግሞ ማንን ወጋች?» ሊሉ ጀምረው፣ ምስሉን ሲያዩ ስኒዎቹን አስቀምጠው ከእኛ ጋር ቁጭ አሉ።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ክፍሉን የጻፈውም ያዘጋጀውም የተከታታዩ ፈጣሪ ጆስ ዊደን ነው፤ ኮርዴሊያን ሆና የተወነችው ካሪዝማ ካርፔንተር ደግሞ በሥራ ላይ ሳለች እንደ በደላት በ2021 በይፋ ተናግራለች። በእሱ ስም ይጠራ የነበረው የአጥኚዎች ማኅበርም ስሙን ለውጧል። እኔ የዊደንን ስምም፣ ስለ እሱ የተባለውንም ሁለቱንም በጥናቴ መግቢያ ላይ ልጽፍ ወስኛለሁ፤ ምክንያቱም ያ ክፍል ባፊንና አንያን ሆነው የተወኑት የሣራ ሚሼል ጌላርና የኤማ ኮልፊልድም ነው። እንዲህ ማድረጌ ትክክል መሆኑን ግን አንቺ ብትነግሪኝ እመርጣለሁ።

አሁን ስለ እማማ። መርዶውን በሰማሁ ሌሊት ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን ከነካሁ በኋላ ዘጋሁት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት ለሌላ ሰው ይወጣኛል፤ ለአንቺ ግን፣ በእሳቸው፣ አልወጣልህ አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ፣ ካለፈ በኋላ መደወሉ ይብሱን አሳፈረኝ። በዚያ ሌሊት ያደረግሁት ነገር ቢኖር ያንን ክፍል ብቻዬን ከፍቼ ማየት ነው። ከሺህ ዓመት በላይ በጋኔንነት የኖረችው አንያ፣ ጆይስ ለምን ወደ ሰውነቷ ተመልሳ እንደማትገባ አልገባኝም ብላ ስታለቅስ እኔም ተንሰቀሰቅሁ። ድንኳኑ፣ ሙሾው፣ ከዕድርተኛው ጋር መቀመጡ፣ ሁሉም ቀረብኝ፤ አብሬሽ ሳላለቅስ ቀረሁ።

ጥናቴን ቴሌቪዥኑን በመታሽበት ቅጽበትና እማማ ስኒዎቹን ባስቀመጡበት መጀመር እፈልጋለሁ። ያለ ፈቃድሽ አላደርገውም፤ አይሆንም ካልሽ አወጣዋለሁ፣ ቅርም አይለኝም። ቅዳሜ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ በዚህ ጊዜ አልዘጋውም።

ሁልጊዜም የምወድሽ ጓደኛሽ