ይድረስ ለነፂ

ነፂዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? አዎ፣ ጠፍቻለሁ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ፤ አሁን አስቸኳይ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

ወልጃለሁ! ሴት ናት። (ገንፎውን ማን አገነፋው እንዳትዪኝ፤ ባለቤቴ ነው፣ ጓጉሎ ጓጉሎ በላሁት።) ስም ግን አልወጣላትም፣ ለጊዜው ሚጣ ነው የምንላት። እዚህ አየርላንድ ልጅ በተወለደ በ3 ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት።

እሱ «ሲርሻ» ካልተባለች ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ትርጉሙን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ነፃነት»! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

እንደ ብሪጂድ ከጥንት የወረደ የቅድስት ስም እንዳይመስልሽ። በቋንቋቸው እንዲሁ ቃል ነበር፤ የሴት ልጅ መጠሪያ ያደረጉት ከ1919 እስከ 1921 ከእንግሊዝ ጋር ተዋግተው፣ በ1922 የራሳቸውን መንግሥት ካቆሙ ወዲህ ነው። አጻጻፉን ብታዪው ጉድ ትያለሽ! ሰባት ፊደል፣ አራቱ አናባቢ። አንዱ ሲርሻ ይላል፣ ሌላው ሰርሻ፤ ተዋናይቷ ሮናን ራሷ ሰርሻ ነኝ ባይ ናት። እማዬማ በስልክ «ሽርሽር? ምን የሚሉት ስም ነው!» ብላ ዘጋችብኝ።

እኔን የጨነቀኝ ግን... እንዴት ልበልሽ። ያንቺ ስም የወጣው አባባ ከእስር በተፈቱ ሰሞን ነው። የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ልውጣ ባልሽ ቁጥር «ነፃነት፣ ዛሬ ነፃነት የለም» እያለ ክፍሉን ሲያስቅ፣ አንቺ ዴስኩን በኮምፓስ ጫፍ ትፍቂ ነበር። እኔ ደግሞ፣ አትሳቂብኝና፣ በስምሽ እቀና ነበር።

ከብዶሽ ያውቃል? ሌሎች የከፈሉትን ዋጋ ስም አድርጎ መሸከም ማለቴ ነው። ባለቤቴ «ስሙ ስለሚያምር ነው፣ 1922ን ማን ያስታውሳል» ይላል። አማቴ ግን ሕፃኗን አቅፈው «ሲርሻ» ሲሉ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እኔን ያስፈራኝ ያ እንባ ነው፤ ልጅቷ ገና አንገቷ እንኳ አልጠና!

ደግሞ እኔ ቤት ውስጥ «ነፃነት» ብላትስ? ስምሽን ቀማሽኝ ትዪኛለሽ? ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ፣ መጻፍ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ይቅርባት ካልሽም በግልጽ ንገሪኝ፤ ባለቤቴን እኔ እችለዋለሁ፣ አማቴን ግን እንጃ።

ያንቺው ጠፊ