አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ያከራየነውስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ሶሻል ሚዲያና ፖለቲካ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ደሜ ነው የፈላው። ሌላውን ልለፈው፣ "አዲስ አበባ ላይ ተራው ሰው ፖለቲካ በአደባባይ መከራከር የጀመረው ፌስቡክ ከመጣ በኋላ ነው" የምትለዋን ግን አላልፋትም።

እኔ አራት ኪሎ ጋዜጣ አዟሪም አከራይም ነበርኩ። በ1997 ምርጫ ሰሞን ምኒልክ፣ አስኳል፣ ሳተናው ከእጃችን ላይ ነበር የሚነጠቀው፣ መግዛት ያልቻለው ደግሞ በሳንቲም ተከራይቶ እዛው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልሳል፣ አንዷ ጋዜጣ እስኪመሽ ስንት እጅ እንደምትዞር የምናውቀው እኛ ነን። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ክፍት የስራ ቦታ ሊያይ የመጣው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። አንዱ ቅንጅት ነኝ ይላል ሌላው ኢህአዴግ፣ ይጯጯሃሉ፣ ግን ጎን ለጎን ስለተቀመጡ የአፋቸውን ልክ ያውቃሉ። ይሄ ክርክር ካልሆነ ለዘጋቢያችሁ ክርክር ምንድነው?

ቴክኖሎጂው ስልጣኑን ለህዝብ ሰጠው ትላላችሁ። እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ያኔ ከምርጫው በኋላ ሰው በቴክስት ሲጠራራ ቴክስቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘጋ፣ የተለቀቀው ሚሊኒየሙ ሲገባ ነው። 2012 ሰኔ ላይ ሀጫሉ ሲገደል ኢንተርኔቱ ሶስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። 2015 ላይ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን ለወራት አልገባ አለ። ማጥፊያው መንግስት እጅ ላይ እያለ ህዝቡ ያገኘው ስልጣን የቱ ነው?

ወረቀቱ ነጻ ነበር እያልኩ አይደለም። ማተሚያ ቤቱ ብርሃንና ሰላም፣ እዚሁ አፍንጫችን ስር ያለው፣ የመንግስት ነው፣ ከጥቅምት 1998ቱ ረብሻ በኋላም ጋዜጦቹ ተዘጉ፣ ጋዜጠኞቹ ታሰሩ፣ እኛም እንጀራችን ተቆረጠ። ግን አንዴ ታትሞ የወጣውን ማን ያጠፋዋል? እኔ ለዛ ወረቀት ብዬ በጥፊ ተመትቻለሁ፣ የያዝኩትን በሙሉ ወስደውብኛል፣ ተከራይተው ሲያነቡ የነበሩት ግን አጣጥፈው በጃኬታቸው ሸጉጠው ተበተኑ፣ ሰፈራቸው ገብተው ለጎረቤት አስነብበው በማግስቱ አምጥተው መለሱልኝ። ስሜን እንኳን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በስልኩ ውስጥ ስሙን ደብቆ እናቴን የሚሰድበኝ ሰው ይሄን ያደርግልኛል?

ይባስ ብሎ ያወጣችሁት ፎቶ የራሳችን የአራት ኪሎ አንባቢዎች ፎቶ ነው፣ ስሩ ላይ "ጊዜ የሚያሳልፉ ወጣቶች" ብላችሁ ጽፋችሁበታል! ጋዜጣ ገልጦ የያዘን ሰው ስራ ፈት ለማለት ማን ፈቀደላችሁ? እናንተ ራሳችሁ ጋዜጠኛ አይደላችሁ እንዴ? አንዳቸውን እንኳን ጠይቃችኋል?

ዓረፍተ ነገሯንም የፎቶውንም ጽሁፍ በግልጽ አስተካክሉ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የኛ ልጆች ዛሬም አሉ፣ አንዳንዱ መጽሐፍ፣ አንዳንዱ ካርድና ሶፍት ይሸጣል። ዘጋቢያችሁ ቢሮ ከሚቀመጥ ወርዶ ይጠይቃቸው።

የቀድሞ ጋዜጣ አዟሪ፣ ከአራት ኪሎ