ስለ ጎመኑ ውሃ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ሰናይት፤

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እማማ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። መጥፋቱን ሁለታችንም እኩል ጠፍተናል፤ ስለዚህ ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ክርክር እንተወውና ወደ ነገራችን እንግባ።

እህትሽ እንደነገረችኝ፣ ጥቅል ጎመን እንደ እስያዎቹ በጥሬው ሰላጣ አድርገሽ፣ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ሥሩ ኩሬ ሠርቶ፣ ጣዕሙም ጠፍቶ አስቸግሮሻል። «ማጣፈጫውን ላኪልኝ» ማለትሽንም ሰማሁ። እልክልሻለሁ፤ ግን ጥፋቱ የማጣፈጫው አይደለም። ከጎመኑ ክብደት ከመቶ 92 ያህሉ ውሃ ነው። ጨው የነካው እንደሆነ ያ ውሃ መውጣቱ አይቀርም፤ የሚቀረው የት ይውጣ የሚለው ነው፣ ሳህኑ ላይ ወይስ ቀደም ብሎ ማጥለያው ላይ። ቬትናሞችና ኮሪያዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው ያስወጡታል። ጃፓኖች ደግሞ ጭራሽ ውሃ ያጠጡታል። እኛ ለሰላጣ እንደለመድነው ከትፎ፣ ሎሚና ዘይት አፍስሶ፣ እንግዳው እስኪሰበሰብ ማቆየት ግን ከሁለቱም ወገን የለም።

ላንቺ የሚቀለው የቬትናሞቹ ነው፤ ከዓሣ ሶሱ በቀር ሁሉም ከጉሊትና ከሱቅ ይገኛል። ጎይ ጋ ይሉታል። ስሙ የዶሮ ሰላጣ ይሁን እንጂ የሚበዛው ጎመኑ ነው። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ጎመን፣ አንድ ካሮት፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ 400 ግራም ከአጥንቱ የተለየ ዶሮ፣ ናናና የድንብላል ቅጠል አንድ አንድ እፍኝ፣ 60 ግራም ያህል ኦቾሎኒ ያዢ።

ጎመኑን ስትገዢ በእጅሽ መዝኚው። ትልቁን ሳይሆን ለመጠኑ ከበድ የሚለውን ውሰጂ፤ ላላ ያለው ቅጠሉ ቆዳ ይሆናል። ግንዱ የተቆረጠበት ቦታ ከጠቆረ ከማሳ ከወጣ ሰንብቷል። በጥሬው ስለሚበላ ደግሞ ነገሩን አትናቂው፤ ከተማ ውስጥ በወንዝ ዳር መስኖ የበቀለ ሊሆን ይችላል። የውጪዎቹን ሦስት አራት ቅጠሎች ጣዪ፣ የቀሩትን አንድ በአንድ ገንጥለሽ በሚጠጣ ንጹሕ ውሃ እጠቢ። አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ሁሉንም ጀርም ይገድላል የሚሉሽን አትመኚ። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከማዕዱ ካለ ጥሬውን ተዪውና ቅጠሎቹን ፍል ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክረሽ፣ ወዲያው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አብርጂ። ኢንዶኔዥያዎች ጋዶ ጋዶ ለሚሉት፣ በኦቾሎኒ ሶስ ለሚበላው ሰላጣቸው፣ ጎመኑን እንዲህ ነካ ያደርጉታል፤ ነውር የለበትም።

አቆራረጡ ላይ ጊዜ ስጪው። ጠንካራውን ግንድ አውጥተሽ፣ ቅጠሎቹን ደራርበሽ፣ በተሳለ ቢላ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክር ክር ቁረጪ። መፈቅፈቂያ ለካሮቱ ይሁን። ጎመኑን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ ሲጨፈለቅ ውሃው ያኔውኑ ይፈሳል፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታም ያወጣል። ጎመንና ሰናፍጭ ዘመዳሞች ስለሆኑ ያ ሽታ የሰናፍጩ ወገን ነው። ሰዎች «ጎመኑ ገማ» ብለው የሚጥሉት ብዙ ጊዜ በደነዘዘ ቢላ የተቆረጠውን ነው።

አሁን ጨዉ። ለግማሽ ኪሎ 8 ግራም፣ ማለትም አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨውና ትንሽ ጭማሪ። በትነሽበት በጣቶችሽ ቀስ ብለሽ አገላብጪና ማጥለያ ላይ 20 ደቂቃ ተዪው። ከዚያ እፍኝ በእፍኝ እያነሳሽ ጭመቂ፤ አንድ የቡና ስኒ ያህል ውሃ ይወጣዋል። ክሩን ስታጥፊው ሳይሰበር የሚታጠፍ፣ ስታኝኪው ግን የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደርሷል። ቅመሺው። ጨው ከበዛበት በውሃ ለቅለቅ አድርገሽ እንደገና ጭመቂ፤ ይህን ሳታዪ ማጣፈጫውን ብትጨምሪ ጨው በጨው ይሆንብሻል። ሳይጨመቅ አንድ ሰዓት ከቆየ ግን መንኮሻኮሹን ትቶ ወደ መልፈስፈስ ይሄዳል። ጨው ሳያስነኩት ልክ ሊበላ ሲል የሚያጣፍጡትም አሉ፤ ያ ለሁለት ሰው ይሆናል፣ ለድግስ አይሆንም።

ማጣፈጫው ይኸውልሽ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ። ስኳሩን መጀመሪያ ሎሚው ውስጥ አሟሚ፣ ከዚያ የዓሣ ሶሱን፣ በመጨረሻ ደቅቀው የተከተፉትን ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ። ሎሚው የእኛዋ ትንሿ ቀጭን ልጣጭ ሎሚ ትሁን፤ ቬትናሞች የሚጠቀሙትም መሰሏን ነው። ትልቁ ቢጫ ሎሚ ብቻ ካለሽ ስኳሩን ቀንሺ። ውሃ እንዳትጨምሪ። ቬትናሞች ጥቅልልና የተጠበሰ ነገር የሚያጠቅሱበት ኑክ ቻም ከነዚሁ ነገሮች የሚሠራ ሲሆን በውሃ ይቀጥናል፤ ብዙ ሰው ያንኑ ገልብጦ ጎመኑ ላይ ያፈሰዋል፣ ከዚያ ኩሬ ሠራ ይላል። ለሰላጣው ብቻውን ስትቀምሺው ፊትሽን የሚያኮማትር መሆን አለበት፤ ጎመኑና ዶሮው ያለዝቡታል።

የዓሣ ሶሱ ሽታ መጀመሪያ ያስደነግጥሻል። ትንንሽ ዓሣ በጨው ተይዞ አንድ ዓመት ገደማ በርሜል ውስጥ ሲቆይ የሚጠለል ፈሳሽ ነውና ሌላ ምን ይሽተት? ሎሚው ሲገባበት ግን ሽታው ይበርዳል፣ የሚቀረው የሥጋ መረቅ የመሰለ ጣዕም ነው። ጠርሙሱ ላይ ዓሣና ጨው ብቻ የተጻፈበትን ፈልጊ። 30 ወይም 40 የሚል ቁጥር ካለው በሊትር ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ግራም ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሶሱ ይበልጥ ጣዕም አለው።

በጾም የዓሣ ሶሱን በሶያ ሶስ ለውጪው። አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። መልኩ ይጠይማል፣ ጣዕሙም ሌላ ይሆናል፣ ግን ያምራል። በዶሮው ፋንታ እንጉዳይ በትንሽ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ድረስ ጠብሰሽ ጨምሪ።

ለዶሮው የፈረንጅ ዶሮ ጭን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዝንጅብልና ከትንሽ ጨው ጋር ጣጂ። ፈላ ሲል እሳቱን ቀንሰሽ፣ ከድነሽ፣ ቀስ ብሎ ይብሰል። መጽሐፎቹ 20 ወይም 25 ደቂቃ ይላሉ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ 10 ደቂቃ ጨምሪና አጥንቱ ጋ ወግተሽ ቀይ ፈሳሽ እንደሌለ እዪ። የአበሻ ዶሮ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ቬትናሞቹ ግን እንዲያውም እንዲህ ያለውን ጠንከር ያለ የሀገር ዶሮ ነው የሚወዱት። ሲበርድ በቢላ ሳይሆን በእጅሽ ወደ ጭረቱ ቦጫጭቂውና ከማጣፈጫው ሁለት ማንኪያ ብቻውን አጠጪው፤ ያለዚያ ሥጋው ጎመን መሃል ጣዕም አልባ ሆኖ ይቀራል። መረቁን አትድፊው። እነሱ ሩዝ ጨምረው ገንፎ መሰል ሾርባ ያደርጉትና ከሰላጣው ጋር ያቀርቡታል።

ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ቆርጠሽ ግማሹን በ3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 15 ደቂቃ ዘፍዝፊ፣ ከዚያ አጥልዪው። ሌላውን ግማሽ በቀዝቃዛ ዘይት ውስጥ አድርገሽ እሳቱን በዝግታ አሙቂ፤ ፈካ ያለ ወርቃማ ሲሆን አውጪ። ቡናማ እስኪሆን ከጠበቅሽ፣ ከዘይቱ ወጥቶም መጥቆሩን ስለማያቆም ይመርራል። የእኛ ደቃቅ ሽንኩርት ውሃው ጥቂት ስለሆነ ለዚህ ከፈረንጁ ይበልጣል። በሶብላ ልጨምር እንዳትዪ። ዘመዱን ታይላንዶች ለሌላ ምግብ ይጠቀሙበታል፤ እዚህ ግን ሽታው ናናውን ይውጠዋል።

ሁሉም የሚቀላቀለው ሊበላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ኦቾሎኒው ተቆልቶ፣ ሙቀጫ ውስጥ ሸረፍ ሸረፍ ተደርጎ፣ ከተጠበሰው ሽንኩርት ጋር መጨረሻ ላይ ከላይ ይበተናል። ቀድሞ ከገባ እርጥበት ጠጥቶ ይለሰልሳል። ለድግስ ከሆነ የተጨመቀው ጎመን ማጣፈጫ ሳይነካው ፍሪጅ ውስጥ እስከ ማግስቱ ይቆይልሻል። ቀይ ጥቅል ጎመን ለመልክ ካሰኘሽ ለብቻው አጣፍጠሽ ከላይ አድርጊው፤ ከነጩ ጋር ካደረ ሁሉንም ሐምራዊ ያደርገዋል።

የጃፓኖቹ አጭር ነው። ከተጠበሰ ሥጋ ጎን ክምር ብሎ የሚቀርበው ጎመን በተቻለ መጠን እንደ ክር፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆረጣል፣ የቅጠሉን ጅማት አቋርጦ። በጅማቱ አቅጣጫ ከተቆረጠ ይጠነክራል። ከዚያ 5 ደቂቃ በረዶ ያለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ፤ ክሮቹ ውሃ ጠጥተው ይወጠራሉ። ከዚያ በላይ ካቆየሽው ጣዕሙ ለውሃው ይቀራል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ አራግፊ፣ የቀረች ጠብታ ማጣፈጫውን ታቀጥናለች። ሶሱን እያንዳንዱ ሰው በየሳህኑ ላይ ያፈስ።

የቻይናዎቹን ለሰሊጡ ስል ነው የማነሳልሽ። 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ጨው ነክቶት በተጨመቀው ጎመን ላይ፤ ከዚያ ደረቅ ቃሪያ ነጭ ሽንኩርቱ ላይ አድርገሽ 2 የሾርባ ማንኪያ በጣም የጋለ ዘይት ታፈሺበታለሽ። ሲንጫጫ ነጭ ሽንኩርቱ ጥሬነቱን ይለቃል። ጥሩው አቼቶ ጥቁሩ የዠንጂያንግ ከተማው ነው፤ ከሌለ በተራው አቼቶ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሪ። የእነሱ የሰሊጥ ዘይት ከተቆላ ሰሊጥ ስለሚጨመቅ ነው እንደዚያ የሚሸተው፤ ከጥሬ ሰሊጥ የተጨመቀው ያንን ሽታ አይሰጥሽም። አንቺ ግን ነጩ የሁመራ ሰሊጥ ደጅሽ ላይ ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ በዝግ እሳት ደረቁን ቁዪ፣ ገለባ ሲመስል አውርጂ፣ ግማሹን ውቀጪ፣ ሰላጣው ላይ በትኚው፤ ያው ሽታ ይመጣል።

ኮሪያዎቹ ጌትጆሪ የሚሉት፣ ሳይቦካ የዕለቱን የሚበላው ኪምቺ፣ ረጅሙን የቻይና ጎመን ይፈልጋል። ካገኘሽ ጻፊልኝ። እስከዚያው የእነሱን የቃሪያ ዱቄት በበርበሬ ልተካው እንዳትዪ፤ በርበሬያችን ኮረሪማውና ቅመሙ ስላለበት ወጥ ወጥ ይላል። ደረቅ ኑድል ሰባብረው የሚጨምሩበትን ደግሞ እዚህ አሜሪካ «የእስያ ሰላጣ» ብለው ያቀርቡታል። በአቼቶና በስኳር ይጣፍጣል፣ ልጆች ይወዱታል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን ኑድሉ ይረጥባል።

አንድ ጠርሙስ የዓሣ ሶስ ወደዚያ የሚመጣ ሰው እንዳገኘሁ እልክልሻለሁ። ክዳኑን በፕላስተር አስሬ በሁለት ላስቲክ እጠቀልለዋለሁ፤ ሻንጣ ውስጥ ቢፈስ ተሸካሚው ዳግመኛ ዕቃ አይቀበለኝም። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ ታቹ ላይ የጨው ፍሬ ብታዪ አልተበላሸም።

እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ፣
ሒሩት