የማን ሬይ ድምፅ አልባ ፊልሞች በዝምታም ይታዩ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በባህል ዓምዳችሁ ስለ ማን ሬይ አጫጭር ድምፅ አልባ ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ርእሰ ጉዳዩ በጋዜጣ ብዙም የማይነሳ በመሆኑ አመሰግናለሁ፤ ይሁን እንጂ ጸሐፊው ፊልሞቹን ታሪክ እንደጎደላቸው የሲኒማ ልምምዶች ቆጥረው ማለፋቸውን አልቀበለውም። ማን ሬይ ሠዓሊና ፎቶግራፈር ነበር፤ ፊልሞቹም መመዘን ያለባቸው በዚሁ ሚዛን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1923 ገጣሚው ትሪስታን ጻራ በፓሪሱ ሚሼል ቴአትር ለሚካሄደው የዳዳ (የተለመደውን ጥበብ የሚቃወም የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ) ምሽት ፊልም እንዲያቀርብ ሲጠይቀው፣ በእጁ የነበረው ጥቂት ቁርጥራጭ ብቻ ስለነበር ጨለማ ክፍል ገብቶ ብርሃን ባልነካው ፊልም ላይ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰ፣ በሌላው ላይ ስፒል በተነ፣ ለአፍታ መብራት አበራና አጠበው። ለዚህ ክፍል ካሜራ አላስፈለገውም። ስፒል ከአንድ የፊልም ምስል ቁመት ስለሚረዝም ተቆራርጦ በተከታታይ ምስሎች ላይ ያርፋል፤ ፊልሙ በማሳያው ሲያልፍም ስፒሉ እየዘለለ፣ እየጠፋና እየተመለሰ ይታያል። «ወደ አእምሮ መመለስ» የተባለው ይህ የሦስት ደቂቃ ያህል ሥራ በዚያ ምሽት መበጠሱና አዳራሹ በጠብ መታመሱ ሁልጊዜ ይተረካል፤ ስለ ስፒሉ የሚያነሳ ግን እምብዛም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የማን ሬይ አራት ፊልሞች ታድሰው፣ የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ የሚጫወትበት ስኩርል የተባለ ቡድን በሠራው ሙዚቃ ታጅበው ለእይታ ቀርበዋል። እድሳቱ የሚመሰገን ነው። ድምፅ አልባ ፊልም በዘመኑም ቢሆን በፒያኖ ወይም በሸክላ ሙዚቃ ይታጀብ እንደነበር አይካድም። ሆኖም የማያቋርጥ ሙዚቃ፣ ሆን ተብለው የተበታተኑትን ምስሎች አንድ ወጥ ስሜት ያላብሳቸውና ተመልካቹን ከማየት ይልቅ ወደ ማዳመጥ ይወስደዋል። በሮበር ዴስኖስ ግጥም ላይ የተመሠረተው የእ.ኤ.አ. 1928ቱ «የባሕር ኮከብ» ሰዎቹን አጥርቶ በማያሳይ መስተዋት አሻግሮ የሚያሳየን፣ ዓይናችን እንዲደክምበት ነው።

ስለዚህ እነዚህን ፊልሞች የሚያሳዩ ተቋማት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለ ሙዚቃ፣ እንቅስቃሴውንም ሳያፋጥኑ እንዲያሳዩ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም በጉዳዩ ላይ ዳግመኛ ሲጽፍ፣ ከአርቲስቱ ፎቶግራፍ ይልቅ የፊልሙን ጥብጣብ አንድ ቁራጭ፣ ምስሎቹ ከላይ ወደ ታች እንደተደረደሩ፣ ቢያትም አንባቢ ስፒሉ የት የት ላይ እንደተቆረጠ ራሱ ያያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ