በሐምሌ ግድግዳ አይቀባም

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አብሮ አደጌ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኔ እዚያው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነኝ፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ጠመኔውም እጄን ማድረቁን አልተወም። ትልቋ ልጄ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። በቁመት በልጣኝ አሁን ቁልቁል እያየች ነው የምትቆጣኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አንደበቷ እንደ ድሮው ነው፤ ያንቺን ስም ሳታነሣ ሁለተኛውን ቡና አትጠጣም።

ስለ ዝምታው ብዙ አልልም። ኢንተርኔቱ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ ከየት ልጀምር እያልኩ ቀን ቀንን ወለደው። አንቺም ጠፋሽ፣ እኔም ጠፋሁ፤ ሒሳቡ እዚህ ላይ ይዘጋ። ስለ ሰላሙ ለጠየቅሽኝ፣ አንድ ሰሞን ይረጋጋል፣ አንድ ሰሞን መንገዱ ይዘጋል። የቀረውን ዓይን ለዓይን ስንተያይ እናወራዋለን።

አሁን ወደ ልጅሽ ጉዳይ ልግባ። እናንተ ባላችሁበት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ ግዴታ የሆነውን 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ከወዲሁ ጨርሳ፣ ያም አልበቃ ብሏት በእረፍቷ ከእኩዮቿ ጋር ባሕር ማዶ ሄጄ ላገልግል፣ ባህልም ልይ ማለቷን ሳነብ ደስ አለኝ። ክፍያው ግን አስደነገጠኝ። የአውሮፕላኑ ትኬት ሳይጨመር ያን ያህል ሺህ ዶላር! በእኛ ብር ላሰላው ጀምሬ ተውኩት፤ ማን እንቅልፉን ያጣል? «ኮስታሪካ ትሂድ፣ ካምቦዲያ ትሂድ፣ ወይስ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለሰው አገር ከማወጣ አንቺው ጋ ልላካት?» ብለሽኛል። መልስ አለኝ፤ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትሽ።

ከኮሮናው በፊት አንድ ክረምት፣ በዕድሜ ልጆቻችንን የሚያህሉ የውጭ አገር ወጣቶች ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። ያመጣቸው ድርጅት ስሙ ይቅር። እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። እቅዳቸው ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን እንግሊዝኛ ማስተማር፣ ከሰዓት በኋላ የመማሪያ ክፍሎቹን መቀባት ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። ወሩ ግን ሐምሌ ነው። አንቺ የደብረ ብርሃንን ሐምሌ አትረሺውም፤ ጉሙ እኩለ ቀን ላይ እንኳ አይነሣም፣ ልብስ ከተሰቀለበት ገመድ ላይ ሳምንት ይከርማል። ትምህርት ቤቱ በሰኔ ተዘግቷል። ተማሪው ገሚሱ ከብት ይጠብቃል፣ ገሚሱ ከእናት አባቱ ጋር አረም ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ በየቤቱ ሰው ልኮ ጥቂት ሕፃናት ሰበሰበ፤ እነሱም የመጡት ከትምህርቱ ይልቅ ፈረንጅ ለማየት ነው።

ግድግዳው ደግሞ የጭቃ ነው። ርጥበት የጠጣ ግድግዳ ቀለም አይቀበልም። ጠዋት የቀቡት ማታ እያበጠ ይላጣል፤ በውጭ በኩል የቀቡትን ዝናቡ ቁልቁል ወደ መሠረቱ አወረደው። ልጆቹ ግን አይሰለቹም፣ በማግስቱ ይደግሙታል። አንድ የሰፈሩ ቀለም ቀቢ አጥር ተደግፎ ብዙ ካየ በኋላ «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ለእሱ የቀለሙን ገንዘብ ሰጥተውት ጥቅምት ላይ ቢቀባው ኖሮ ክፍሉም ያምር፣ እሱም ቤተሰቡን ያበላበት ነበር።

ልጆቹን እየወቀስኩ አይደለም። ጥፋቱ በሐምሌ ቀለም ያስያዛቸው ሰው ነው። ከመካከላቸው አንዷ አንድ ቀን ብሩሹን አስቀምጣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ወደሚኖሩ አንዲት እማሆይ ቤት ገባች። እማሆይ እሳት ዳር ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ልሞክር ብላ በምልክት ለመነቻቸው። እንዝርቱ አንድ ዞር እንዳለ ክሩ ብጥስ! እማሆይ ጣቶቿን በእጃቸው ይዘው፣ ከተበጠሰው ጫፍ ላይ አዲስ ፀጉር አያይዘው እንደገና ያስጀምሯታል። እንደገና ብጥስ። እየሳቁ እንደገና። እኔ አስተርጓሚዋ በር ላይ ቆሜ ሥራ ፈታሁ፤ የሚያስፈልገኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በየቀኑ ከሰዓት ወደዚያ ቤት ሆነ መንገዷ። የፈተለችው ክር አንዱ ጋ እንደ ጣት የወፈረ፣ ሌላው ጋ ሊበጠስ የደረሰ ነበር። እማሆይ ግን አልጣሉትም፤ «ለዝተት ይሆናል» ብለው ከራሳቸው ክር ጋር ጠቀለሉት።

ርዕሰ መምህሩም ብልህ ሰው ነው። የቀለሙን ነገር በዘዴ ትቶ እንግዶቹን ከእኛው የክረምት በጎ ፈቃደኞች ጋር ችግኝ ተከላ ላይ አሰለፋቸው። ታውቂያለሽ፣ እዚህም በየክረምቱ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፣ ለደካማ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፣ ደም ይለግሳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፤ አንድም ሰው ዶላር አስከፍሏቸው አያውቅም። የኔዋም እዚያ መካከል ነበረች፣ ገና ትንሽ ልጅ ሆና። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል። አንድ ያገር ልጅ ፕላስቲኩን በምላጭ እንዴት እንደሚቀደድ፣ አፈሩ ከሥሩ እንዳይረግፍ መዳፍን ከሥር አድርጎ እንዴት እንደሚወርድ ያሳያቸዋል። የአገሩ ልጅ መምህር፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ተማሪ። ቀኑን ሙሉ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲሣሣቁ ዋሉ። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያቆም ችግኙን ከከብት የጠበቀው የመንደሩ ሰው ነው፤ ከተተከለው ጽድና ወይራ የደረቀ አለ፣ ዛሬ ከሰው ቁመት ያለፈም አለ።

ስለዚህ ስለ ፕሮግራም ሲወራ እኔ መጀመሪያ የማየው ሥራው ወሩ የሚፈልገው፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እጅም የሚችለው መሆኑን ነው። ከዚያ ደግሞ እንግዳው ሲሄድ ሥራው የማን እንደሚሆን። አባቴን ድሮ ከመንዝ በእግሩ መጥቶ ሲማር ሒሳብ ያስተማረው የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሲገቡ ወደ 280 የሚጠጉ ነበሩ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆነው ሁለት ዓመት ይቀመጡ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራንም፣ ፖለቲካው እንዳለ ሆኖ፣ ገበሬው ቤት ከርመዋል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ሌላ ነገር ነው። በሦስት ሳምንት አገር አይቀናም፤ ልጅ ግን ዓይኗ ይከፈታል፣ በልኩ የሆነ ሥራም ይሠራል። ልኩን የሚያውቅ ፕሮግራም ከሆነ እኔ አልቃወምም።

ካምቦዲያው ይቅር። ሕፃናት ማሳደጊያ ገብተው ልጆቹን ያጫውታሉ የሚለውን እንዳነበብኩ ልቤ ተዘጋ። በዚያ አገር በየማሳደጊያው ካሉት ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው መሆኑ በጥናት የታወቀ ነው። ጎብኚ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ድሃ ወላጅ ልጁን እንዲሰጥ ይባበላል፣ ማሳደጊያውም ይበዛል። ደግሞስ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ «እኅት» አቅፋው የምትሄድ ሕፃን ምን ይሆናል? ልጅሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ገብቷት ብታይ ራሷ ትተወዋለች። አስረጃት።

ኮስታሪካው ግን ደስ ብሎኛል። በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ቶርቱጌሮ በሚባለው ቦታ አረንጓዴዎቹ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋው የሚወጡት በፈረንጆቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ ልክ ልጅሽ እረፍት ላይ በምትሆንበት ጊዜ። አንዷ ኤሊ በአንድ ጉድጓድ ወደ መቶ እንቁላል ትጥላለች። የወጣቶቹ ሥራ ከአገሬው ጠባቂ ጋር በሌሊት ባሕር ዳር መሄድ፣ መቁጠር፣ ጠዋት ዳርቻውን ከቆሻሻ ማጽዳት ነው። ነጭ መብራት ኤሊዋን አስደንግጦ ሳትጥል ወደ ባሕር ይመልሳታል፤ ስለዚህ የስልክ መብራትና ፎቶግራፍ የለም። ይሄ ብቻውን ለዚህ ዘመን ልጅ ትልቅ ትምህርት ነው! ዝናብ ይኖራል፣ ትንኝ ይኖራል፣ እንቅልፍ ማጣት ይኖራል። ግን ሥራው ወቅቱን የጠበቀ ነው፣ ወጣቶቹ በሌሉበትም አገሬው የሚሠራው ነው።

ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ግን ድርጅቱን አጥብቀሽ ያዢው። ከምትከፍዪው ውስጥ ለሚያሳድሯት ቤተሰብ ስንት ይደርሳል? የሚመሯቸው አዋቂዎች ስንት ናቸው፣ ማንነታቸውስ ተጣርቷል? ብትታመም የትኛው ሆስፒታል ትወሰዳለች፣ ኢንሹራንሱስ ወደ ቤት እስከ መመለስ ይሸፍናል? ይሉኝታ አይያዝሽ። ሲጠየቅ የሚቆጣ ድርጅት ካጋጠመሽ ያ ራሱ መልስ ነው። የስፓኒሽ ሰላምታም ከአሁኑ ትለማመድ፤ ያሳደሯትን እናት በቋንቋቸው «እንዴት አደሩ» ብትል ከሠራችው ሥራ ሁሉ የሚያስታውሷት በዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ታዘዢኝ፤ ጀበናና ሲኒ ትያዝ። ኮስታሪካውያን ቡና የሚያጠልሉት በእንጨት ላይ በተሰቀለ የጨርቅ ከረጢት ነው፤ እነሱ ያሳዩዋት፣ እሷም ታፍላላቸው። የሚያመርቱት አረቢካ የሚባለው ቡና መነሻው የእኛ አገር መሆኑን ያገሬው ሰው ከልጅሽ አፍ ቢሰማው ምን ይላል? ጥሬ ፍሬ ግን እንዳትጭኚባት፤ ቡና አምራች አገር ሲገባ የዕፅዋት ቁጥጥር ጣጣ አለው። ቡናውን እዚያው ትግዛ።

ወደ እኛስ? ትምጣ እንጂ! ግን ዘንድሮ አይሆንም፤ ልጅሽን ተቀብዬ መንገድ ላይ የምትሆነውን እያሰብኩ አልተኛም። ረጋ ሲል፣ በዚያው በሐምሌ ትምጣ፤ ቢጫ ካርዷን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ አውጥተሽላት ከሆነ ቪዛም አያስፈልጋት። አገልግሎት የሚባል ትልቅ ነገር አላዘጋጅላትም። ከኔዋ ጋር ችግኝ ትተክላለች፣ ሽንብራ ትቆላለች፣ እናቴ እንደለመደችው ስታዛት ትታዘዛለች። እስከ ነሐሴ 13 ከቆየች ቡሄን ታያለች፤ ጅራፉ ሲጮህ፣ ወንዶቹ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሙልሙል ሲሰበስቡ። የፍልሰታ ጾም መሆኑን ግን ቀድመሽ ንገሪያት፤ ያኔ የመጡት እንግዶች ጠዋት እንቁላል ሲጠይቁ አስተናጋጇ የገባችበት ጭንቅ እስካሁን ያስቀኛል። መንገዱ ከተከፈተ መንዝ ጓሳ ድረስ ወስጄ ጭላዳ ዝንጀሮውን አሳያታለሁ፤ ከቀናንም ቀይ ቀበሮውን።

የኔዋ ደብዳቤሽን ከትከሻዬ በላይ ሆና አንብባ «እኔስ ወደ እነሱ አገር ለበጎ ፈቃድ መሄድ አልችልም?» አለችኝ። ምን ልበላት? ለቪዛ ማመልከቻው ብቻ 185 ዶላር ይከፈላል፣ ቢከለክሏትም አይመለስም። እነሱ ሊያገለግሉን ሲመጡ በር ይከፈታል፤ የእኛ ልጆች ላገልግል ሲሉ ግን መጀመሪያ የሚጠየቁት ተመልሰው ለመምጣታቸው ዋስትና ነው። ይህን ለልጅሽም ንገሪያት፣ ትወቅበት። እስከዚያው ሁለቱ ይጻጻፉ። የኔዋ እንግሊዝኛዋ ደኅና ነው፤ ያንቺዋ አማርኛ ከላላ ይጠብቅላታል።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የኔውም ሰላም ብሎሻል። ለድርጅቱ የምትከፍዪበት ቀን ሳያልፍ የሰጡሽን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን። ኔትወርኩ ማታ ማታ ይሻላል።

አብሮ አደግሽ