ኢሜይል ስንከፍት ላኪው ለምን ያውቃል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎንደር ፒያሳ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለችኝ። አባቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። የጻፈውን ወረቀት ማን፣ መቼ፣ የት ሆኖ እንዳነበበው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የዛሬው ኢሜይል ግን ያሳብቃል።

ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ የምላቸው ደንበኛዬ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ፔንሲዮን አላቸው። እንግዳ ከሚያገኙበት ድርጅት የመጣ የሚመስል ኢሜይል «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው» ይላል። አርማው ልክ ነው፤ ቀለሙም ልክ ነው። ማታ ሊንኩን ነክተው ፓስወርዳቸውን አስገቡ። ጠዋት አካውንታቸው አልከፈት አለ።

ኢሜይሉን በኮምፒውተር ከፈትኩት። ማውዙን ሳልጫን ሊንኩ ላይ አሳረፍኩት። ሰማያዊው ጽሑፍ የድርጅቱን አድራሻ ይላል። ስክሪኑ ግርጌ፣ በግራ ጥግ ብቅ ያለው ግን ሌላ ነው፤ የድርጅቱ ስም ከፊት ተቀጥሎበት መጨረሻው የማይታወቅ አድራሻ። እትዬ አንዴ ላይ አንዴ ታች እያዩ ዝም አሉ። ቆይተው «ታዲያ እኔ ይህን በስልክ በምን አውቄው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ይህ የሚሆነው ኢሜይሉ በኤችቲኤምኤል ስለተሠራ ነው። ኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ የሚሠራበት ቋንቋ ነው። የሚነበበው ጽሑፍ ሌላ፣ ከሥሩ ያለው አድራሻ ሌላ እንዲሆን ይፈቅዳል። በተራ ጽሑፍ በመጣ ኢሜይል ግን አድራሻው እንዳለ ፊት ለፊት ይታያል።

ከዚህ ይልቅ የሚከነክነኝ ደግሞ ምስሉ ነው። ብዙ ጊዜ ምስሉ ኢሜይሉ ውስጥ የለም። ስንከፍተው ከላኪው ሰርቨር፣ ማለትም ምስሉ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር ይጠራል። በዚያች ቅጽበት ላኪው ኢሜይሉ መከፈቱንና ሰዓቱን ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም የአይፒ አድራሻችንን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምንለይበትን ቁጥር ያገኛል፤ ከእሱም ያለንበትን አካባቢ ይገምታል። ምስሉ አንድ ፒክስል፣ የስክሪን አንዲት ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዓይን አያየውም። ጂሜይል ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ያሳልፋል። ይህ አይፒያችንን ይሸፍናል፤ መክፈታችንን ግን አይደብቅም። ላዩ ላይ ምስል ዳታችንንም ይበላል። ትንሽ የዳታ ጥቅል ገዝቶ የትምህርት ዕድል መልስ ለሚጠብቅ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንግዲያው መሥሪያ ቤቶችንና ባንኮችን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ለሁለት መስመር ማስታወቂያ አርማና ቁልፍ አትደርድሩ። በተራ ጽሑፍ ላኩልን። ሕዝቡ በኢሜይል የመጣ ሰማያዊ ቁልፍ መጫን የለመደው ከእናንተው ነው፤ አጭበርባሪው የሚገባው በዚያው በር ነው።

እስከዚያው ጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ምስል ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቃችሁ አድርጉት። ስልክ ላይ ሊንኩን ሳትለቁ ተጭናችሁ ብትቆዩ እውነተኛው አድራሻ ይወጣል። አካውንት ይዘጋል ከተባላችሁም በኢሜይሉ አትግቡ፤ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ።

የእትዬ አካውንት በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ለጥምቀት ክፍል የያዙ ሁለት እንግዶች ግን ሌላ ቤት አደሩ። ሴቲንጉ ግራ የገባው የከተማችን ሰው ቤቴ ይምጣ፤ ያለ ክፍያ አስተካክላለሁ። እሁድ ብቻ ዝግ ነኝ።

የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ከጎንደር