ለልጄ፦ ስለ ላክሽልኝ የሲቪ ረቂቅ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ለእንግሊዙ የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ማመልከቻ ያዘጋጀሽውን ሲቪ እዚሁ ሰፈራችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ደጋግሜ አነበብሁት። የደከምሽውን ያህል አይናገርልሽም፤ ስለዚህ በስልክ ከምነግርሽ በጽሑፍ ላስረዳሽ መረጥሁ።

ለባንክ ወይም ለእርዳታ ድርጅት ሥራ በሚቀርብ ሲቪ ሁለት ገጽ ይበቃል። የተመራማሪ ሲቪ ግን፣ ማስታወቂያው ገጽ ካልገደበ በስተቀር፣ የምርምርና የማስተማር ሥራሽን በሙሉ ይይዛል። «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን መግቢያ ሰርዢው፤ ፎቶግራፍሽን፣ የትውልድ ቀንሽንና የጋብቻ ሁኔታሽንም እንግሊዝ አገር አይጠብቁትም።

በመምህራን ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ባገለገልሁባቸው ዓመታት እንዳስተዋልሁት፣ የገምጋሚ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በኅትመት ዝርዝሩ ላይ ነው። አንቺ ግን የታተመውን፣ ገና በግምገማ ላይ ያለውንና በኮንፈረንስ ያቀረብሽውን አጽሕሮት «ኅትመቶች» በሚል አንድ ርእስ ሥር ቀላቅለሽዋል። ማታለል እንዳላሰብሽ እኔ አውቃለሁ፤ የማያውቅሽ ሰው ግን ጽሑፉን ፈልጎ ሲያጣው የቀረውንም መጠራጠር ይጀምራል። በአቻ ግምገማ፣ ማለትም በሙያው ባልደረቦች ተመርምረው፣ አልፈው የታተሙትን ለብቻ፣ ተቀባይነት አግኝተው ኅትመት የሚጠባበቁትን ለብቻ፣ በግምገማ ላይ ያሉትን ደግሞ ደረጃቸውን በግልጽ ጠቅሰሽ ለብቻ አስቀምጪ። ለታተሙት ሁሉ ዲ.ኦ.አይ. ቁጥራቸውን፣ ማለትም እያንዳንዱ ጽሑፍ በኢንተርኔት የሚገኝበትን ቋሚ መለያ፣ ጨምሪ። ገንዘብ ተቀብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያወጣልሽ ጆርናል አሳስቦኛል። ክፍያ መጠየቁ በራሱ አያስነቅፈውም፣ በነፃ የሚነበቡ ብዙ የተከበሩ ጆርናሎችም ያስከፍላሉና፤ ነገር ግን አንድም የገምጋሚ አስተያየት ካልደረሰሽ ጽሑፉ በአቻ ግምገማ ካለፉት ጋር ሊሰለፍ አይገባውም።

የጸሐፊዎቹን ቅደም ተከተል በታተመበት መልክ ተዪው፤ የራስሽን ስም ብቻ አድምቂው። ከሌሎች ጋር በጻፍሽው የቀበና ወንዝ ጥናት ሦስተኛ ስም ስለ ሆንሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ ይህ አሳዝኖኛል። በክረምትም በበጋም ወንዙ ዳር ወርደሽ የውኃ ናሙና የሰበሰብሽው፣ በላቦራቶሪ የመረመርሽውና መረጃውን ያደራጀሽው አንቺ ነሽ። ከጽሑፉ ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር ድርሻሽን ግለጪ፤ ገምጋሚው ያን ካላነበበ ከስም ቅደም ተከተል ሊያውቀው አይችልም።

ከዚህ የሚበልጠው የስምሽ ጉዳይ ነው። በላቲን ፊደል ስምሽ በአንዱ ጽሑፍ በአንድ «ኤስ»፣ በሌላው በሁለት «ኤስ» ተጽፏል። የውጭ አገር የመረጃ ቋቶች ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩት፣ ሁለቱ ጽሑፎችሽ በእኔ ስም፣ አንዱ በአንቺ ስም ተመዝግበዋል። ሥራሽ በስሜ ሲጠራ ባይ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ሥራ የሁለት ሰው መስሎ መበተኑ ይጎዳሻል። አንድ አጻጻፍ ምረጪና ከእንግዲህ አትለውጪው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጠውን ባለ 16 አኃዝ የኦርኪድ መለያም አውጪና ሁሉንም ጽሑፎችሽን በእርሱ ሥር ሰብስቢያቸው፤ ቁጥሩ ከስምሽ ቀጥሎ በመጀመሪያው ገጽ ይቀመጥ።

ዘመን አቆጣጠሩንም አስተካክዪ። ሁለተኛ ዲግሪሽን ያገኘሽው በሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ ማስተማር የጀመርሽው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱም በእነርሱ አቆጣጠር 2018 ላይ ይውላሉ። አንቺ ግን ከሁለቱም ላይ ሰባት ሰባት ዓመት ስለ ደመርሽ ምረቃሽ ወደ 2017 ወርዷል፣ በመካከሉም አንድ ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጥሽ ያስመስላል። ከጥር ወር ገደማ እስከ ጳጉሜን ልዩነቱ ስምንት ዓመት መሆኑን አትርሺ።

ስለ ማስተማር ያሰፈርሽው መልካም ነው፤ የኮርሶቹን ስምና ያማከርሻቸውን ተማሪዎች ብዛት ብቻ ጨምሪበት። ላገኘሽው የምርምር ገንዘብ የሰጪውን ድርጅት፣ መጠኑንና ዘመኑን ጻፊ።

በመጨረሻው ገጽ ስማቸውን ያሰፈርሻቸውን ሦስቱን ምስክሮች አስፈቅደሻል? ካላስፈቀድሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ ማስታወቂያውንና ይህንኑ ሲቪ አያይዢላቸው፣ ስለ አንቺ ሲጻፍላቸው የሚመልሱት በዚያ ተመርኩዘው ነውና። የተስተካከለውን በፒዲኤፍ ላኪልኝ፤ የማመልከቻው ቀን ሳይደርስ አንድ ጊዜ አነበዋለሁ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

የሚወድሽ አባትሽ